190፣ 401፣ 403፦ የዋጋ ቦቱ የሥራ ማስታወሻ፣ ከደብረ ብርሃን

ሰኞ ጠዋት

ሥራው «ቀላል ነገር ናት» ተብሎ ነው የተሰጠኝ። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር በየቀኑ የገበያ ዋጋ ያሰባስባል። የእነዋሪ ጤፍና ምስር፣ የሸዋ ሮቢት ማሾና ሽንኩርት፣ የጫጫ ገብስና ባቄላ፣ የመንዝ በግ። ዋጋው በስልክ ይመጣል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ኤክሴል ላይ ያስገቡታል። እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ከዚያ እየገለበጡ ፌስቡክ ፔጁ ላይ፣ ቴሌግራም ቻናሉ ላይ፣ ኤክስ ላይ ይለጥፋሉ። ኔትወርክ ሲደክም አንዱ ጋ ይለጠፍና ሌላው ጋ ይቀራል። ያኔ ነጋዴው አንድ ዋጋ፣ ገበሬው ሌላ ዋጋ ይዞ ገበያ ይወጣል።

የሚፈለገው ኤክሴሉን አንብቦ፣ መልእክቱን አዘጋጅቶ ሦስቱም ጋ የሚለጥፍ ትንሽ የፓይተን ስክሪፕት ነው፤ በፓይተን ቋንቋ የሚጻፍ አጭር ፕሮግራም። የማንበቡና የማዘጋጀቱ ክፍል ምሳ ሳይደርስ አለቀ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ስለ ቀሪው ነው። ሰርቨሩ፣ ማለትም የየድርጅቱ ኮምፒውተር፣ «ማን ነህ?» ሲል ምን እንደሚመለስለት።

ኮድ ሳልነካ አንድ ነገር አስተካከልኩ። ስክሪፕቱ ስህተት ሲያጋጥመው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሰርቨሩ የመለሰውን ጽሑፍ በሙሉ ፋይል ላይ እንዲጽፍ አደረግኩ። 401 ማለት «አላወቅኩህም» ነው። 403 ማለት «ማን እንደሆንክ አውቄያለሁ፣ ግን ይሄ አይፈቀድልህም» ነው። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ፌስቡክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከላይ 400 ብሎ ዋናውን ነገር ውስጥ ይጽፈዋል፦ ኮድ፣ ንዑስ ኮድ፣ አጭር ማብራሪያ። 400ን ብቻ አይቶ ኮድ መነካካት የጀመረ ሰው ሲዳክር ያድራል።

ሰኞ ከሰዓት፦ ቴሌግራም

ከቀላሉ ልጀምር አልኩ። የቴሌግራም ቦት ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። ቦትፋዘር (ቦት የሚመዘገብበት የቴሌግራም የራሱ ቦት) የሚሰጠው ቶክን፤ እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግል ጽሑፍ ነው። መጀመሪያው ቁጥር፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ረጅም የተደባለቀ ፊደል። ይሄ ቶክን አድራሻው ውስጥ ይገባል፤ «ቦት» ከሚለው ቃል ጋር ሳይነጣጠል።

ቶክኑ በፍላሽ፣ በኖትፓድ ፋይል ተቀምጦ ደረሰኝ። ራሱን «ማን ነኝ?» ብሎ የሚጠይቀውን «ጌት ሚ» የሚባለውን ጥሪ ላክሁ። 404፣ አልተገኘም።

ይህ መልስ ትንሽ ያስገርማል። ቶክኑ የተሳሳተ ቢሆን 401 ነበር የምጠብቀው። 404 ከሆነ አድራሻው ራሱ ቅርጹ ተበላሽቷል ማለት ነው። ቶክኑን ስክሪኑ ላይ አየሁት፤ እንከን የለውም። ፓይተንን ርዝመቱን ስጠይቀው ግን በዓይን ከቆጠርኩት ይበልጣል። «ሬፐር» በሚባለው ትእዛዝ የተደበቁትን ምልክቶች አወጣኋቸው። ከመጀመሪያው አሃዝ በፊት አንድ የማይታይ ምልክት ተቀምጧል። ከመጨረሻው ፊደል በኋላም የመስመር መዝጊያ አለ።

ፋይሉ ውስጥ ከቶክኑ ሥር በአማርኛ «ይህን ለማንም አትስጥ» የሚል ተጽፎበታል። አማርኛ ስላለበት ዩቲኤፍ-8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ አጻጻፍ) ተብሎ ነው የተቀመጠው። የድሮው ኖትፓድ ደግሞ ዩቲኤፍ-8 ሲያስቀምጥ ፋይሉ ራስ ላይ ሦስት ባይት ምልክት ይጨምራል። ስለዚህ ቶክኑን ያበላሸው ያ ማስጠንቀቂያ ነው። ፋይሉን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» በሚለው ስም ሲከፍቱት ፓይተን ምልክቱን ራሱ ይጥለዋል። የቀረውን ክፍተት «ስትሪፕ» ይጠርገዋል። አሁን ጌት ሚ የቦቱን ስም መለሰ።

ቀጥሎ መልእክት ላክሁ፤ 403። ይሄኛው የምወደው ዓይነት ነው፤ ቦቱ ማን እንደሆነ ታውቋል ማለት ነው። ቻናሉ ላይ አባል ስላልሆነ ነው የተከለከለው። እትዬ በስልካቸው ቻናሉን ከፍተው ቦቱን አድሚን አደረጉትና የመለጠፍ ፈቃዱን ብቻ አበሩለት። ገባ።

«ይኸው ነው?» አሉኝ።

«ቴሌግራሙ ይኸው ነው እትዬ። ፌስቡኩ ቀርቷል።»

ማክሰኞ፦ ባዶ ቅንፍ

የፌስቡኩ መግቢያ፣ ፕሮግራሞች የሚገቡበት በር፣ ግራፍ ኤፒአይ ይባላል። አፕ ፈጠርኩ። በራሴ አካውንት ገብቼ ለሙከራ የሚሆን ቶክን አወጣሁ። ከዚያ «የማስተዳድራቸው ፔጆች የትኞቹ ናቸው?» የሚለውን ጥያቄ ላክሁ። መልሱ ባዶ ቅንፍ ነው። ስህተት የለም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም። ሁኔታው 200፣ ሁሉም ደህና፣ ውስጡ ግን ባዶ።

ባዶ ዝርዝር የሚመጣው ባብዛኛው በሦስት ምክንያት ነው። አንድም «ፔጅስ ሾው ሊስት» የሚባለው ፐርሚሽን (ፈቃድ) አልተሰጠም። አንድም ፈቃድ መስጫው መስኮት ላይ ፔጁ አልተመረጠም። አንድም የገባው ሰው ፔጁ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። የኔው ሦስተኛው ነው። ፔጁ ላይ ተመልካች እንጂ ሌላ ምንም አይደለሁም።

ፔጁን የከፈተው ማን ነው? ቢሮው ውስጥ ሲጠያየቁ ቆዩ። በመጨረሻ ጋሼ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ፣ አስታወሱት። ከዚህ በፊት እዚህ ለተግባር ልምምድ የመጣ ልጅ ነው። አሁን ደብረ ሲና ይሠራል። ደወልኩለት፤ አጋጣሚ ሆኖ ወደዚህ እየመጣ መኪና ላይ ነበር። «እሺ ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት እመጣና...» ሲል ድምፁ ድርግም አለ። ጣርማ በር ዋሻ ገብተው ነው። ከዋሻው ሲወጡ መልሶ ደወለ፤ ረቡዕ ጠዋት ተቀጣጠርን።

ማክሰኞ ማታ፦ ኤክስ፣ በአጭሩ

እሱ እስኪመጣ ኤክስን ልጨርስ አልኩ። ኤክስ ላይ የተጠቀምኩት ኦአውዝ 1.0ኤ የሚባለውን የቆየ የማንነት ማረጋገጫ ዘዴ ነው። ቁልፎቹ አራት ናቸው፦ ሁለቱ የአፑ፣ ሁለቱ የአካውንቱ። መጀመሪያ 403 መለሰ። አፑ «ማንበብ ብቻ» ተብሎ ነው የተከፈተው። ወደ «ማንበብና መጻፍ» ቀየርኩት። ግን መቀየሩ ብቻ አይበቃም። የድሮው ቶክን የድሮውን ፈቃድ እንደያዘ ነው የሚቆየው፤ የአካውንቱ ቶክን እንደ አዲስ መውጣት አለበት። አወጣሁ፣ ሠራ። ይህን እዚህ የጻፍኩት ብዙ ሰው ሴቲንጉን ቀይሮ ቶክኑን ስለሚረሳው ነው።

ረቡዕ፦ የልጁ ቶክን

ልጁ በጠዋት መጣ። ጋቢ ለብሶ ነው የመጣው፤ ከደብረ ሲና ወጥቶ የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ብርድ ሲያገኘው ምን ያድርግ። አፑ ላይ እሱንም በአድሚንነት ጨመርኩት። በራሱ አካውንት ገባ። የፈቃድ መስኮቱ «የትኞቹን ፔጆች?» ሲል የማኅበሩን ብቻ መረጠ። ሦስት ፐርሚሽን ሰጠ፦ ፔጅስ ሾው ሊስት፣ ፔጅስ ሪድ ኢንጌጅመንት፣ ፔጅስ ማኔጅ ፖስትስ። የመጨረሻው ያለ ሁለቱ አይሄድም።

አሁን ዝርዝሩ ፔጁን ይዞ መጣ። ፔጁ ሥር የራሱ ቶክን አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል፤ ሁለት ዓይነት ቶክን አለ። አንዱ የሰውየው ነው። ሌላው የፔጁ ነው፤ በሰውየው በኩል የሚገኝ። በሰውየው ቶክን ፔጅ ላይ ለመለጠፍ ብትሞክሩ ኮድ 200 ይመልስላችኋል። ይሄ 200 «ደህና» የሚለው 200 አይደለም፤ የፌስቡክ የራሱ ኮድ ሆኖ ፐርሚሽን ጎድሏል ማለት ነው። ፐርሚሽኑ ቢኖርም እንኳ ቶክኑ የፔጁ መሆን አለበት።

በፔጁ ቶክን ላክሁት። የፖስቱ መለያ ቁጥር ተመለሰ። ልጁ ስልኩ ላይ አየው፣ እኔም አየሁት። እትዬ ግን፦

«የታለ? እኔ ጋ የለም።»

አድሰው አዩት፤ የለም። ጋሼም ስልካቸውን አወጡ፤ እሳቸውም ጋ የለም። አፑ ገና «ዴቨሎፕመንት ሞድ» ላይ ነው። በዚህ ሁኔታ ያለ አፕ የለጠፈው ነገር የሚታየው አፑ ላይ ሥልጣን ላላቸው ሰዎች ብቻ ነው። ፖስቱ አለ፣ ለሕዝብ ግን የለም። ወደ «ላይቭ» ለማዞር የግላዊነት ፖሊሲ ገጽ ሊንክ ይጠይቃል። ማኅበሩ ባለችው አንዲት ድረ ገጽ ላይ ምን እንደምንሰበስብና ምን እንደማንሰበስብ ጻፍን። የምንሰበስበው ነገር የለም፤ ጽሑፉ አጭር ነው። ወደ ላይቭ ዞረ። አዲስ ፖስት ላክሁ።

190። ንዑስ ኮድ 463።

ይሄ የሚጠበቅ ነው። ከግራፍ ኤፒአይ ኤክስፕሎረር፣ ከፌስቡክ የሙከራ መሣሪያ፣ የሚወጣ ቶክን ዕድሜው አንድ ሁለት ሰዓት ነው። 190 ቶክኑ አልሠራም ማለት ሲሆን፣ 463 ደግሞ ጊዜው አልፏል ይላል። ማብራሪያው ላይ ያለው ሰዓት ግን አዲስ ሰው ያደናግራል። ጊዜው ያለፈው «01:00 ፒዲቲ» ላይ ነው ይላል። ያ የካሊፎርኒያ ሰዓት ነው። በዚህ ወቅት እኛ ከእነሱ አሥር ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 11 ሰዓት፣ በኛ ረፋድ 5 ሰዓት። ልክ ነው፤ የፖሊሲውን ገጽ እየጻፍን ሳለ ነው የሞተው።

አሁን ወደ ትክክለኛው መንገድ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የሰውየው አጭር ቶክን ከአፑ መለያና ከአፑ ምስጢር ጋር ተልኮ በረጅም ይለወጣል፤ ረጅሙ 60 ቀን ገደማ ይቆያል። ከዚያ በረጅሙ ቶክን የፔጆቹ ዝርዝር እንደገና ይጠየቃል። አሁን የሚመጣው የፔጅ ቶክን ማብቂያ ቀን የለውም። የፔጁን ቶክን በአጭሩ ቶክን ቀድመው ካወጡት ግን እሱም አጭር ነው።

ውጤቱን በ«ዲበግ ቶክን» አየሁት። ይሄ ጥሪ ከሁሉም የምወደው ነው። ቶክን ከቀበሌ እንደሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ነው፦ ለማን፣ ለምን ጉዳይ፣ እስከ መቼ። ዲበግ ቶክን ደብዳቤውን ያነብልሃል። ዓይነቱ ፔጅ፣ ሁኔታው የጸና፣ ማብቂያው 0። ዜሮ ማለት ማብቂያ የለውም። ዜሮ ባይሆን ኖሮ አንድ ረጅም ቁጥር ይሆን ነበር፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ። በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ሌሊት 9 ሰዓት መሆኑ ነው።

ልጁ ሻይ ጠጥቶ ወደ ደብረ ሲና ተመለሰ።

ሐሙስ፦ መብራት

ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አደረ። ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲከፈት ሦስቱም ጋ አልሄደም። ስህተቱ ከ401ም ከ190ም የተለየ ነው፦ «ሰርተፊኬቱ ገና አልጸናም»። ሦስት የማይገናኙ ድርጅቶች በአንድ ጠዋት ሰርተፊኬታቸው አይበላሽም። ችግሩ እኛው ጋ ነው። ማያው ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየሁ። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2012።

የኮምፒውተሩ የሰዓት ባትሪ ሞቷል። ሲአር 2032 የምትባለው፣ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልቷ። መብራት ሲኖር አይታወቅም። መብራት ሲሄድ ግን ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። በ2012 የቆመ ኮምፒውተር ደግሞ የዘንድሮ ሰርተፊኬት ሲያይ ገና ያልተወለደ ነው የሚመስለው።

ኢንተርኔት ላይ ለዚህ ስህተት የሚሰጥ አንድ መድኃኒት አለ፦ «ቬሪፋይን አጥፋው»። አንድ ቃል ትጨምርና ይሠራል። አታድርጉት። ሰርተፊኬቱ እኮ ሰርቨሩ ለኛ የሚያሳየው መታወቂያ ነው። እሱን ሳናይ ቶክን ከላክን፣ መሃል ላይ ለተቀመጠ ለማንም ነው የምንሰጠው። እኛ ማንነታችንን ለማስረዳት ይሄን ያህል ላይ ታች ስንል የእነሱን ሳንጠይቅ መላክ ምን ይሉታል።

ቀኑን ካስተካከልኩ በኋላ ሁሉም ሠራ። ባትሪ እንዲገዛ ተነገረ። ከሰዓት መብራቱ ደግሞ ሄደ፤ እኔም ወደ ቤት።

ዓርብ፦ ኤክስ ብቻ እምቢ አለ

ጠዋት ስደርስ እትዬ ቀድመውኝ ገብተዋል። ቴሌግራሙ ተለጥፏል። ፌስቡኩ ተለጥፏል። ኤክስ 401።

ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ወጥመዱ ለኛ አገር ሰው የተበጀ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ፊደሉ ነው። ኦአውዝ 1.0ኤ እያንዳንዱን ጥያቄ ይፈርማል። ፊርማው ውስጥ የሚገቡት ነገሮች በፐርሰንት ኮድ ይጻፋሉ፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሆነ «ሰ» ብቻዋን ሦስት የፐርሰንት ጥንድ ትሆናለች። እዚያ ላይ አንዲት ነገር ከተዛባች ፊርማው አይገጥምም። ግን ሁለት ነገር ፊደሉን ነጻ አወጣው። አንደኛ፣ መልእክቱ የሚሄደው በጄሰን (መረጃ የሚደራጅበት የአጻጻፍ ቅርጽ) ነው፤ በዚህ አሠራር የጄሰን አካል ፊርማው ውስጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ በእንግሊዝኛ «ቴስት» ብዬ ብቻ ላክሁ፤ ያው 401።

ቁልፎቹስ? ማክሰኞ ማታ የሠሩት እነዚያው ናቸው። ማንም አልነካቸውም።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው። ሁለቱ ጋ አልፎ አንዱ ጋ ብቻ ከተከለከለ፣ የዚህ የአንዱ ልዩነት ምንድን ነው? ቴሌግራምና ፌስቡክ ቶክኑን ያያሉ፣ ያልፋል። የላኪው ሰዓት ስንት እንደሆነ አይጠይቁም። የኤክሱ ፊርማ ግን ውስጡ ሰዓት አለበት። ጥያቄው የተፈረመበት ሰከንድ ይላካል፤ ብዙ የቆየ ከሆነ ሰርቨሩ አይቀበለውም። አንድ ሰው የቆየ ጥያቄ ሰርቆ መልሶ እንዳይልከው ነው።

ማያውን አየሁ፤ 3:12። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት፤ 3:12። የእጅ ስልኬ ላይ ግን 9:12።

ለማረጋገጥ አንድ መስመር ጻፍኩ። ማንኛውም ሰርቨር ሲመልስ ራስጌው ላይ «ዴት» ብሎ የራሱን ሰዓት ይልካል፣ በግሪኒች። 06:12 ይላል። የግሪኒች ስድስት ሰዓት ላይ ሦስት ሲጨመር ዘጠኝ ነው፤ የኛ ጠዋት 3 ሰዓት። የኮምፒውተሩን ሰከንድ ከሰርቨሩ ሰከንድ ቀነስኩት፤ 21,600 እና ጥቂት። ለ3,600 ሲካፈል ስድስት። ስድስት ሰዓት! ይህቺን ልዩነት የማያውቃት ኢትዮጵያዊ የለም።

«እትዬ፣ ሰዓቱን ነክተውት ነበር?»

«አንተ ልጅ፣ መብራቱ ሲመጣ የማይሆን ሰዓት ይናገራል። እኔ ነኝ በግድግዳው ያስተካከልኩለት። ቀኑንም አስተካክያለሁ። አጠፋሁ እንዴ?»

ምንም አላጠፉም። ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ 3 ሰዓት ነው። ቀኑ ልክ ስለሆነ ሰርተፊኬቱ አለፈ፤ ስድስት ሰዓት ወደኋላ መቅረቱ ለሰርተፊኬት ምንም ማለት አይደለም። ለፊርማው ግን ጥያቄው ከስድስት ሰዓት በፊት የተላከ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ሰዓትን በእጅ ለመቀየር አውቶማቲኩን አጥፋ ይላል። እሱም ጠፍቷል።

አውቶማቲኩን መልሼ አበራሁት፤ ሰዓቱ ከኢንተርኔት መጣ። ኤክስ ወዲያው ተቀበለ። ግን በዚህ ብተወው በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይቀየራል። እትዬ ሲሠሩ የሚያዩት ሰዓት 9:12 እያለ ሊኖሩ አይችሉም፤ ደረሰኝ ላይ የሚጽፉት በኛ ሰዓት ነው።

ለዚህ የሚሆን አሪፍ መፍትሔ አለ። ዊንዶውስ ተጨማሪ ሰዓት መጨመር ይፈቅዳል። የኛ አነጋገር ከአዲስ አበባ የፈረንጅ ሰዓት ስድስት ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከግሪኒች ሦስት ይቀድማል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ከግሪኒች ሦስት ወደኋላ የሆነ ቦታ ነው። ቦነስ አይረስ! ተጨማሪውን ሰዓት በቦነስ አይረስ ሞላሁት፣ ስሙን «የኛ ሰዓት» አልኩት። ማውዙን ሰዓቱ ላይ ሲያደርጉ 3:20 ይላል። ከሥሩ ያለው እውነተኛ ሰዓት ግን አልተነካም።

እትዬ አይተው «አርጀንቲና እንዲህ ትጠቅማለች?» አሉ። ኳስ ይከታተላሉ።

በቀጣዩ ሳምንት፣ ሰኞ

190። ንዑስ ኮድ 460።

ማብቂያ የሌለው ቶክን ሞተ። ማብቂያ የለውም ማለት አይሞትም ማለት አይደለም። 460 የሚለው፦ ፓስወርድ ስለተቀየረ ወይም ለደኅንነት ሲባል ሴሽኑ (ሰውየው ገብቶ የቆየበት) ተሰርዟል። ወደ ደብረ ሲና ደወልኩ። ልጁ ስልክ ቀይሯል፤ በዚያው ፓስወርዱንም ለውጧል። ማድረግ የሚገባው ነው ያደረገው።

ማስተካከያው ሁለት ዓይነት ነው። ልጁ እንደገና ገብቶ አዲስ ቶክን ያውጣ። ይሄ ለዛሬ ይሆናል፤ እሱ ዳግም ፓስወርድ ሲቀይር፣ ወይ ከፔጁ ሲወጣ፣ ያው ነው። የማኅበሩ የዋጋ ማስታወቂያ ደብረ ሲና ያለ የአንድ ልጅ የግል አካውንት ላይ ተንጠልጥሎ መኖር የለበትም። ቀድሞም ነገሩ ከኮድ ይልቅ የባለቤትነት ነበር፤ ባለፈው ማክሰኞ ባዶ ቅንፍ ቢመጣ፣ ዛሬ 460 ቢመጣ፣ ጥያቄው «ይህ ፔጅ የማን ነው?» የሚል ነው።

ሁለተኛው መንገድ «ሲስተም ዩዘር» ነው። በማኅበሩ ስም ቢዝነስ ፖርትፎሊዮ (የድርጅት ፔጆችና አፖች የሚያዙበት) ተከፈተ። ልጁ ፔጁን ወደዚያ አስተላለፈ፤ በስልክ እየተነጋገርን፣ ዛሬ ዋሻ አልገባም። እትዬና ጋሼ ሁለቱም ሙሉ ሥልጣን አገኙ፤ አንዱ ስልኩ ቢጠፋ ሌላው አለ። ከዚያ ሲስተም ዩዘር ተፈጠረ። ፔጁና አፑ ተመደቡለት፤ ቶክኑ በስሙ ወጣ። ሲስተም ዩዘር ሰው አይደለም። ስልክ አይቀይርም።

ይህ ቶክን ጠንካራ ስለሆነ አንድ መቆለፊያ ጨመርኩ። አፑ ሴቲንግ ላይ «ሪኳየር አፕ ሲክሬት» የሚል አለ። እሱ ሲበራ ቶክኑ ብቻውን አይበቃም፤ «አፕሲክሬት ፕሩፍ» የሚባል ማረጋገጫ አብሮ መሄድ አለበት። ልክ ሲበራ ስክሪፕቱ ኮድ 100 አመጣ፤ ማረጋገጫው ጎደለ ብሎ። የሚሠራው ኤችማክ ሻ-256 በሚባል የፊርማ ስሌት ነው፤ ቁልፉ የአፑ ምስጢር፣ የሚፈረመው ቶክኑ። ሁለቱ ቦታ ከተለዋወጡ ውጤቱ ያው 64 ምልክት ያለው፣ በዓይን የማይለይ ጽሑፍ ነው፤ ሰርቨሩ ግን «ልክ አይደለም» ይላል። ስለዚህ የ64ቱን ርዝመት አይቶ መርካት አይጠቅምም፤ የቱ ቁልፍ፣ የቱ መልእክት እንደሆነ ኮዱ ላይ በአማርኛ አስተያየት ጻፍኩበት።

ማክሰኞ፦ ስክሪንሾት

ማታ ኔትወርክ ተቋርጦ ስክሪፕቱ ወደቀ። ከቢሮው አንድ ሰው ስክሪኑን ፎቶ አንሥቶ ግሩፑ ላይ ላከ፤ «ቦቱ ታሟል» ብሎ። ቴሌግራም ላይ ቶክኑ አድራሻው ውስጥ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ፓይተን ሲወድቅ አድራሻውን ከነቶክኑ ይጽፈዋል። ፎቶው ላይ ሙሉው ይነበባል።

ፎቶውን ማጥፋት አይበቃም፤ ማን እንዳየው አይታወቅም። ቦትፋዘር ላይ «ሪቮክ» ተብሎ የድሮው ቶክን ተሻረ፣ አዲስ ወጣ፣ ፋይሉ ላይ ገባ። ስክሪፕቱም ተስተካከለ። ምንም ነገር ከመጻፉ በፊት ቶክኑን ፈልጎ የመጨረሻዎቹን አራት ፊደላት ብቻ ያስቀራል። አራቱን ያስቀረሁት የቱ ቶክን እንደሆነ ለመለየት ነው።

በዚያው ሌላ ነገር ጨመርኩ። ስክሪፕቱ በየጠዋቱ ከመለጠፉ በፊት ራሱን ይፈትሻል። ሰዓቱን ከሰርቨሩ «ዴት» ጋር ያወዳድራል። ቴሌግራምን «ማን ነኝ?» ይላል። የፌስቡኩን ቶክን ዲበግ ቶክን ላይ ያስነብባል። አንዱ ካልሆነ በአማርኛ ይናገራል፦ «ሰዓት ተዛብቷል»፣ «የፌስቡክ ቶክን አይሠራም፣ 460»። እትዬ ከዚህ በኋላ የሚደውሉልኝ «ቦቱ ታሟል» ብለው ሳይሆን ቁጥሩን አንብበው ነው።

የቀረ ሥራ፦ ባትሪዋ ተገዝታለች፣ ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ትገባለች። ጋሼ የበጎቹን ፎቶ አብሮ መለጠፍ ይፈልጋሉ። ለዚያ አዲስ ፐርሚሽን አያስፈልግም፤ ፔጅስ ማኔጅ ፖስትስ ፎቶንም ይሸፍናል። የሚለወጠው የሚላክበት አድራሻ ነው፤ ከ«ፊድ» ወደ «ፎቶስ»። ሐሙስ እሞክረዋለሁ፣ መብራት ካለ።